በአፍንጫ የገባ

ዛሬ የልጅ ልጄ ጡጦ ውስጥ የከረመ ወተት ሸተተኝ።

በደርግ ጊዜ ነፋስ ስልክ ስንኖር አባቴ ጉሮሮውን ታሞ በአፍንጫው በገባ ቀጭን ጎማ ነበር የሚመገበው። የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሆኜ የተፈጨ ኪኒን በአጥሚት በጥብጬ በሲሪንጅ እገፋ ነበር። ተመልሶ እጄ ላይ የሚፈሰው ቢጫ ዝቃጭ ያቅለሸልሸኝ ነበር።

በፍልሰታ ጾም አክስቴ ወተት ይዛ መጣች። ጾም ገድፎ የማያውቀው አባቴ በእምቢታ ራሱን ነቀነቀ።

«ጋሼ ደግሞ! በአፍንጫ የገባ አያስገድፍም» አለችና ወደ እኔ ዞረች። «ግፊው አንቺ! የቀበሌ ስብሰባ አለብኝ።»

ገፋሁት። መናገር የማይችለው አባቴ ዓይኑን ከእኔ ላይ አልነቀለም።

አክስቴ እስክትሞት «ወንድሜን ያስገደፈችው ልጁ ናት» ስትል ኖረች።

ጡጦውን ሦስት ጊዜ አጠብኩት።

«ጸድቷል እኮ እማዬ» አለችኝ ልጄ።

ለእሷ ጸድቷል።