ታላቋ ሽንኩርት ስትልጥ

አያቴ ዕድሜዋን አትናገርም። ስትጠየቅ "አላህ ያውቃል" ትላለች፤ እሱም እስካሁን ለማንም አልነገረባትም። ጥርሷ ሙሉ ነው፣ ወገቧ ቀጥ ያለ ነው፣ ሽበቷን ደግሞ ሻርፗ ይሸፍንላታል። ደሴ ገበያ አብረን ስንወጣ "ልጅሽ ናት?" ብለው የሚጠይቋት አሉ። "አዎ" ትላለች፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ! እናቴን በአንድ ቃል ከዘር ሐረጌ ትሰርዛታለች።

ባለፈው ጥር ኮምቦልቻ ሰርግ ተጠራን። ሙሽራዋ የአያቴ ሟች እህት የልጅ ልጅ ናት። በዘመዶቻችን ወግ ሙሽራ ከቤት ከመውጣቷ በፊት ከሴቶቹ አንዷ ትመርቃታለች፣ እሷም በዕድሜ ታላቋ ናት። አያቴ ለእህቷ "የልጅ ልጅሽን እኔ መርቄ እሸኝልሻለሁ" ብላ ቃል ሰጥታ ነበር። ሳምንቱን ሙሉ ልብስ እያጠበች ምርቃቱን ስትለማመድ ሰማኋት። "እምዬ፣ ፈተና አለብሽ እንዴ?" ስላት በእርጥብ ፎጣ አባረረችኝ። ዕድሜዋን ደብቃ እንዴት በታላቅነት እንደምትጠራ ስጠይቃት ግን "ይጠሩኛል" ብቻ አለች።

ሚኒባሱ ወደ ኮምቦልቻ የሐረጎን ቁልቁለት ሲወርድ ረዳቱ "እህቴ፣ እስኪ ጠጋ በይ" አላት። እንኳን ልትጠጋ፣ ተነስታ ልታስቀምጠው ምንም አልቀራት።

"ሰማሽ?" አለችኝ በክርኗ እየጎሰመችኝ።

"ሰምቻለሁ፣ እህቴ" አልኳት።

የሰርጉን ቤት የምታዘው አንዲት ወፈር ያለች ሴት ነበረች። የሙሽራዋ አባት ዘመድ ስለሆነች እኛን አታውቀንም። በር ላይ ቆማ እንግዳውን በዓይኗ ትለያለች፤ አሮጊቶቹን ወደ ፍራሹ፣ ጉልበት ያላቸውን ወደ ጓሮ። ከእኛ ጋር የመጣችውን የአያቴን የአክስት ልጅ ከዘራዋን አይታ፣ ክንዷን ደግፋ ከፍ ያለው ፍራሽ ላይ አስቀመጠቻት። አያቴን ከላይ እስከ ታች አየቻትና "አንቺ ማሻአላህ ደህና ነሽ፤ ነይ እስኪ ሽንኩርቱን ያዢልን" አለቻት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለከዘራዋ ከአያቴ ታንሳለች። ይህን የነገረችኝ ራሷ ናት፤ አያቴ አዝላ ነው ያሳደገቻት። ጉልበቷ ቀድሞ ስለደከመ ግን ሰው ሁሉ ታላቅ ያደርጋታል፣ አያቴም አርማ አታውቅም። አንዷ ክብሩን፣ አንዷ ወጣትነቱን ተካፍለው በሰላም ኖረዋል።

ጓሮ ሄድኩ። አያቴ ከልጅ እግሮች መሃል ተቀምጣ፣ ዓይኗ እንባ እያፈሰሰ ሽንኩርት ትልጣለች።

"እምዬ፣ ዕድሜሽን ንገሪያትና ተቀመጪ። ወገብሽን አላመመሽም?"

"የምን ወገብ!" አለች፣ ወገቧን ይዛ።

ከዚያ የሙሽራዋ አጎት ድምፅ ተሰማ፦ "ታላቋ ይምረቁልን!" አያቴ ቢላዋውን እንደያዘች ብድግ አለች። የጓሮው በር ላይ ስንደርስ ግን የሰው ሁሉ ፊት ወደ ባለከዘራዋ ዞሯል፤ ሙሽራዋም እግሯ ሥር ተንበርክካለች።

ባለከዘራዋ እጇን ወደ ላይ አነሳች። መልሳ ደግሞ አወረደችና ወደ እኛ አየች፣ ዓይኗ እየሳቀ።

"ልመርቅ? ወይስ እዚህ ቤት የሚቀድመኝ ሰው አለ?"

የአያቴን ከንፈር አየሁት፤ ምርቃቱን ድምፅ ሳታወጣ እያነበነበች ነበር። ጆሮዋ ሥር "እህቴ፣ ሙሽራዋ ልታልፍሽ ነው" አልኳት።

"አለ!" አለች አያቴ። "እኔ አለሁ! ይቺን ያዘልኳት እኔ ነኝ። ወላሂ፣ ጀርባዬ ላይ ያልሸናችበት ቀን የለም!"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ከሁሉም በላይ የሳቀችው ባለከዘራዋ ናት። ያቺ ወፈር ያለች ሴት እየሮጠች መጥታ ቢላዋውን ከአያቴ እጅ ተቀበለች። "አውፍ ይበሉኝ፣ እማማ! እኩያዬ መስለውኝ እኮ ነው!" አያቴ "እማማ" ስትባል ፊቷ ትንሽ ኮሶ የጠጣ መሰለ፤ ግን አለፈችው።

ሽንኩርት ሽንኩርት የሚሸት እጇን ሙሽራዋ ራስ ላይ ጫነች። "እህቴ ይችን ቀን ሳታይ ሄዳለች፤ በእሷ አፍ ልመርቅሽ" አለች። "ቤትሽ እንግዳ አይጣ። እሱ ሲቆጣ አንቺ ሳቂ፣ አንቺ ስትቆጪ እሱ ይሳቅ። የልጅ ልጅሽን ለመዳር ያብቃሽ።" አሚን ተባለ። ሙሽራዋ አለቀሰች፤ ከምርቃቱ ይሁን ከሽንኩርቱ አላውቅም።

ታላቅነቷ ከታወቀ በኋላ ማን ይልቀቃት! ሴቱ ሁሉ ተሰለፈ። አንዷን በልጅ፣ አንዷን በጤና፣ ያቺን አዛዥ ደግሞ "ዓይንሽን ያብራልሽ" ብላ መረቀች። በመጨረሻ እኔም ሄጄ ተንበረከክሁ።

"አንቺን ደግሞ" አለች እጇን ከፍ አድርጋ፣ "አላህ ምላስሽን ያሳጥርልሽ።"

ለሙሽራዋ እንኳ እንደዚያ ያለ አሚን አልተባለም።