የፋሪኛ ጥቁር ጆሮ

እንጨት ቀራጩ ሜስትሬ ኦዚያስ የሚጠላው ነገር ብዙ ነበር። ዶልዶማ ቢላ፣ ስኳር የበዛበት ቡና፣ ሲሠራ ከኋላው የሚቆም ሰው። ከሁሉ አብልጦ ግን አበልጁን ዶና ክሌዮኒሴን ይጠላ ነበር። ሴት ልጇን ክርስትና ያነሳላት እሱ ስለሆነ በከተማችን ልማድ እስኪሞቱ ድረስ «አበልጄ» መባባል ነበረባቸው። ሲሰዳደቡም ቢሆን አይቀርም። ሦስታችንም ያደግነው አንድ መንገድ ላይ ስለሆነ ሁለቱንም ከልጅነቴ ጀምሮ አውቃቸዋለሁ።

በሥራ ያገናኘቻቸው ፋሪኛ ናት። ፋሪኛ የኦዚያስ ፍየል ነበረች፤ ልክ እንደ ስሟ፣ እንደ ካሳቫ ዱቄት ነጭ፣ አንድ ጆሮዋ ብቻ ጥቁር። በድርቁ ዓመት ሞተችበት። ያኔ የሁለተኛ ክፍል አስተማሪ የነበረችው ክሌዮኒሴ፣ ማንበብ ለጀመሩ ልጆች ስለዚያች ፍየል ትንንሽ መጻሕፍት መጻፍ ጀመረች። እያንዳንዱ መጽሐፍ ስምንት አጫጭር ምዕራፎች አሉት፤ በየምዕራፉ ራስ ላይ አንድ ሥዕል፣ ሽፋኑም ላይ አንድ። እሷ ትጽፋለች፣ ኦዚያስ ሥዕሉን በኡምቡራና እንጨት ላይ ይቀርጻል፣ አታሚው ያትማል፣ እኔ አጥፌ እሰፋለሁ። ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያ ላይ በሲባጎ ተሰቅለው ይሸጣሉ።

ጠቡ የጀመረው በመጀመሪያው መጽሐፍ ሽፋን ነው። የእሷ ስም በትልልቅ ፊደል ሲታተም የእሱ ስም አልነበረም። «ረስቼው ነው» አለች። በሁለተኛው መጽሐፍ ላይ ኦዚያስ ስሙን በፍየሏ ቀንድ ላይ ቀረጸው። እሷ ደግሞ አታሚውን ቀንዱን ጥቁር ቀለም አስቀባችው። ከዚያ ወዲህ የሚነጋገሩት በእኔ በኩል ነው፤ ካልሆነም በጩኸት።

«ለአበልጄ ንገሪው፣ ቀበሮው የታመመ ዶሮ ነው የሚመስለው።»

«ለአበልጄ ንገሪያት፣ እሷ ፊቴ ተቀምጣልኝ ቢሆን ኖሮ ጥሩ ቀበሮ ይወጣኝ ነበር።»

እኔ ግማሹን እየዋጥኩ ግማሹን አደርስ ነበር።

እንጨት ላይ የሚቀርጽ ሰው ሁሉን ነገር ገልብጦ ነው የሚቀርጸው፤ በእንጨቱ ላይ በቀኝ ያለው ወረቀቱ ላይ በግራ ይወጣል። ፋሪኛ በየሥዕሉ ፊቷን ወደ አንባቢው አዙራ ትቆማለች፤ ጥቁሩ ጆሮዋ ሁልጊዜ በአንባቢው ግራ በኩል ነው። ኦዚያስ ይህን በዘጠኝ ዓመት ውስጥ አርባ አራት ጊዜ ሳይሳሳት ቀርጿል። የቀረው የአምስተኛው መጽሐፍ ሽፋን ብቻ ነበር። እሱን እየቀረጸ ሳለ ክሌዮኒሴ ገብታ ከኋላው ቆመች።

«ገና ነህ አበልጄ? ልጆቹ ፂም እስኪያወጡ ነው የምትጠብቀው?»

«እንዳንቺ ምላስ የሚፈጥን ቢላ የለኝማ፣ አበልጄ።»

«ከዋናው ከተማ የመጣ አንድ ወጣት አለ። ባለቀለም ነው የሚሥለው። ይህን በሁለት ቀን ይጨርሰው ነበር።»

ኦዚያስ ቀና አላለም። አንገቱ ቀልቶ፣ ጥርሱን ነክሶ፣ ቢላውን እንጨቱ ውስጥ ሰደደው። ሳይገለብጠው፣ ወረቀት ላይ እንደሚሥል ሰው ቀረጸው።

የታተመው ወረቀት ሰኞ እጄ ገባ። የመጀመሪያውን ሳጥፍ አየሁት፤ ጥቁሩ ጆሮ በቀኝ በኩል ነው። ወረቀቱን ይዤ እስከ ኦዚያስ በር ሄድኩ። ውስጥ ሁለቱ ይጯጯኻሉ። በሩ ላይ ትንሽ ቆሜ ተመለስኩ። ከዚያ አምስት መቶውንም ቅጂ ሰፋሁ።

ቅዳሜ ገበያ ላይ ዡሳራ የምትባል የሁለተኛ ክፍል ልጅ መጽሐፉን ገና እንዳየች ጮኸች።

«ይቺ ፋሪኛ አይደለችም! ጆሮዋ በዚህ በኩል አይደለም! ይቺ ሌባ ናት!»

«አስመሳይ ፍየል! አስመሳይ ፍየል!» እያሉ ሌሎቹ ተከተሏት።

ክሌዮኒሴ አንዱን መጽሐፍ ከሲባጎው ነጥቃ ኦዚያስ ወደተቀመጠበት በርጩማ ሄደች።

«በገዛ እጅህ ያለብካትን ፍየል ጆሮ አታውቀውም፣ አበልጄ?»

ሰው ሁሉ ሳቀ።

«ማክሰኞ እንጨቶቹን በሙሉ ታመጣለህ፤ የድሮዎቹን መጻሕፍት ደግሜ አሳትምባቸዋለሁ። ከእንግዲህ ፋሪኛን የሚሥላት ወጣቱ ነው።»

«ፋሪኛ የኔ ናት።»

«ያንተዋ ሞታለች። ያለችው የኔዋ፣ መጽሐፌ ውስጥ ያለችው ናት።»

ለኦዚያስ ከፍየሏ የቀሩለት እነዚያ እንጨቶች ብቻ መሆናቸውን ግን እኔም እሷም እናውቅ ነበር።

በማግስቱ ቤቱ ሄድኩ። ወለሉ እስከ ቁርጭምጭሚት በእንጨት ፍቅፋቂ ተሞልቷል። መላጊያ ይዞ ጎንበስ ብሏል።

«ኦዚያስ፣ የመጀመሪያውን ወረቀት ሳጥፍ ስህተቱን አይቼው ነበር» አልኩት።

መላጊያው ቆመ።

«ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?»

«እየተጯጯኻችሁ ነበር።»

በመላጊያው በሩን አመለከተኝ።

«አንቺም» አለ። «ውጪልኝ።»

ማክሰኞ ክሌዮኒሴ እኔ ቤት ሆና ጠበቀችው። ገብቶ እንጨቶቹን የያዘ የቡና ጆንያ መስፊያ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለ።

«ቁጠሪ፣ አበልጄ። አንድም አልጎደለም።»

አርባ አምስት እንጨት ነበር። አርባ አራቱ እንደ ገበታ ለስልሰው ተልገዋል፤ አንድ መስመር እንኳ አልቀረባቸውም። ያልነካው አንዱን ብቻ ነው፤ የተሳሳተውን ሽፋን።

«አንተ ክፉ! የዘጠኝ ዓመት ሥራ!»

«የኔ ዘጠኝ ዓመት ነው። ያቺን አንዷን ለአንቺ ትቻታለሁ፤ ስትስቂባት ኑሪ።»

ክሌዮኒሴ እንጨቱን ወለሉ ላይ ወረወረችው፤ አንዱ ጥጉ ተሸረፈ።

ስድስተኛው መጽሐፍ ባለቀለም ሆኖ ወጣ። የወጣቱ ፋሪኛ ጥርሷን አውጥታ ትስቃለች፤ ጆሮዋ ግን በቦታው ነው። ልጆቹ ተሻምተው ገዙት፤ ዡሳራም ሁለት ገዛች። የሰፋሁትም እኔ ነኝ። ኦዚያስ አሁን የወጥ ማንኪያ ይቀርጻል። ሳልፍ ሲያየኝ በርጩማውን ወደ ግድግዳው ያዞራል።

ያን የተሸረፈ እንጨት ከወለሉ አንስቼ አስቀርቼዋለሁ። ያጠፍኩት ወረቀት እንዳይበተን ከላይ እጭነዋለሁ። ቀለም ሳይነካው፣ ሳይታተም፣ እንዲሁ ፊት ለፊት ሲያዩት፣ ጥቁሩ ጆሮ በግራ በኩል ነው።