ዘቢደርና የጫቱ መኪና ክላክስ

ከአምቡሊ ወንዝ ዳር፣ ዓመቱን ሙሉ ፍየል ከሚተኛበት ደረቅ አሸዋ ፊት ለፊት ባለች መንደር፣ ዘቢደር ተክለወልድ የምትባል ሴት ትኖር ነበር። መተዳደሪያዋ ለአየር ማረፊያ ሠራተኞች ልብስ መተኮስ ነው። ሹመትም ነበራት፤ የሰፈሩ የአደጋ ጊዜ ኮሚቴ ጎርፍ ሲመጣ መንደሯን የምትቀሰቅስ አድርጎ መርጧት፣ ብርቱካንማ ሰደርያና ፊሽካ ሰጥቷታል። ሰደርያውን በክብር ልልበሰው ብላ የተኮሰችው ቀን የሚያብረቀርቀው መስመር ካውያዋ ላይ ተለጥፎ ቀረ።

የማትቀልድበት ጉዳይ አንድ ብቻ ነው፤ አባቷ። በፈረንጆቹ ሁለት ሺህ አራት ጎርፍ ውኃው አልጋቸው ድረስ ሲደርስ ከጎረቤት ጋር በበር ሳንቃ ተሸክማ ነው ያወጣቻቸው። ጋሽ ተክለወልድ የምድር ባቡር ጡረተኛ ናቸው። ከዚያ ወዲህ ጉልበቴ አልታዘዝ አለኝ ብለው ከቤት ንቅንቅ አይሉም። "ሁለተኛ ውኃ ከመጣ ከነአልጋዬ ይውሰደኝ" ይላሉ። ስለዚህ ዘቢደር በኮሚቴው ዕቅድ ላይ ለእሳቸው ብቻ አራት ተሸካሚ ከነቃሬዛው አስመደበች።

ዕቅዱ ወረቀት ላይ ሲያዩት ያምራል። ፊሽካ ሲነፋ መንደሩ በሃያ ደቂቃ ውስጥ ከፍታው ላይ ወዳለው ትምህርት ቤት ይወጣል። በመጀመሪያው ልምምድ ዘቢደር ጉንጯ እስኪያማት ነፋች። የወጣው አንድ ሰው ነው፤ እሱም ልጄን ቀሰቀስሽብኝ ብሎ ሊቆጣት። በሁለተኛው ሦስት ፍየሎች መጡ። የኮሚቴው ኃላፊ ሂንድ ሰዓት መያዣዋን አጥፍታ፣ "ማዳም ዘቢደር፣ በሦስተኛውም ሰው ካልወጣ ተሸካሚዎቹን ለሌላ መንደር እሰጣቸዋለሁ" አለቻት።

ሦስት ቀን ስትብሰለሰል ከረመች። በአራተኛው ቀን ሰባት ሰዓት ላይ፣ እንደ ልማዱ የጫቱ መኪና ክላክሱን እያንባረቀ ገባ። መንደሩ ግልብጥ ብሎ ወጣ። አንዱ ግማሽ ፊቱን ተላጭቶ፣ ሌላው በአንድ እግር ጫማ ነበር። ዘቢደር ሰዓቷን አየች፤ አራት ደቂቃ! "አገኘሁት!" ብላ ስትጮህ የአንድ ምስኪን ሸሚዝ ካውያው ሥር አረረ።

ወዲያው ሾፌሩን ኢስማኤልን ያዘችው።

"ሐሙስ ክላክሱን ትምህርት ቤቱ ግቢ ሆነህ ንፋልኝ።"

"ጫት ሳልይዝ? እትዬ ዘቢደር፣ ይገድሉኛል እኮ!"

"መስኮትህን ዝጋ።"

ሐሙስ ሂንድ ሰዓት መያዣዋን ይዛ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ቆመች። ኢስማኤል መስኮቱን ዘግቶ ነፋው። ወንዶቹ ወደ ክላክሱ ሮጡ፤ ሚስቶች ባሎቻቸውን ለመያዝ፣ ልጆች ጠቡን ለማየት ተከተሉ። ከሁሉም ቀድመው ግን አንድ ሽማግሌ ሽርጣቸውን ሰብስበው ደረሱና የመኪናውን መስኮት አንኳኩ።

"ኢስማኤል! የተለመደውን!"

ፊሽካው ከዘቢደር አፍ ወደቀ። ጋሽ ተክለወልድ ናቸው! ጫት ከተውኩ ስምንት ዓመቴ ነው ብለው ለንስሐ አባታቸው የማሉት።

"አባዬ! ጉልበትህስ?"

ጋሽ ተክለወልድ ጉልበታቸውን ያኔ አስታወሱና እያቃሰቱ ድንጋይ ላይ ተቀመጡ። በመጨረሻ አራቱ ተሸካሚዎች ባዶ ቃሬዛ ይዘው፣ በላብ ተጠምቀው ደረሱ። "ማዳም፣ ሽማግሌው ጠፍተዋል። አልጋው ሥር ሁሉ ፈለግን" አሉ።

ልምምዱ በዘጠኝ ደቂቃ አለቀ። ጫት እንደሌለ የገባውን ሕዝብ ማረጋጋት ግን ሁለት ሰዓት ፈጀ። ሂንድ መዝገቧ ላይ "እጅግ በጣም ጥሩ" ብላ ጻፈች። ኢስማኤል እስኪመሽ ከመኪናው አልወረደም። ጋሽ ተክለወልድም ልጃቸውን ሳምንት ሙሉ አኮረፏት፤ "ሁለተኛ አትሸውጂኝም!" አሏት።

ከሁለት ወር በኋላ አንድ ጠዋት፣ ሰማዩ ጥርት እንዳለ፣ ሂንድ ደወለች። ላይኛው አገር ዘንቧል፤ ውኃው እየመጣ ነው። ዘቢደር ፊሽካዋን ነፋች፤ ማንም ንቅንቅ አላለም። ለኢስማኤል ደወለች።

ክላክሱ ከትምህርት ቤቱ ጮኸ። "አሁንስ አንሞኝም! በጠዋት ምን ጫት አለ?" አለ መንደሩ። ከዚያ ግን አንዱ ጎረቤቴ ቀድሞኝ ይገዛ ይሆናል ብሎ ጠርጥሮ በሩን ከፈተ፤ ጎረቤቱም እሱን ጠርጥሮ ተከተለው፤ መንገዱም ሞላ።

ዘቢደር ከተሸካሚዎቹ ጋር ወደ አባቷ ቤት ስትደርስ ጋሽ ተክለወልድ ጫማቸውን እያጠለቁ ነበር።

"ውሸት ነው" አሏት። "አውቃለሁ፣ ውሸት ነው። ብቻ ላረጋግጥ ብዬ ነው።"

ቃሬዛውን አልፈው ሄዱ።

ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ የኢስማኤል መኪና ባዶውን ቆሟል። ጋሽ ተክለወልድ ውስጡን ሁለቴ አዩና ሊሳደቡ ዞሩ። ዘቢደር ትከሻቸውን ይዛ ወደ መንደሩ አዞረቻቸው። ቡናማው ውኃ በመንገዳቸው እየተንደረደረ ይወርዳል። የአልጋቸው ፍራሽ ከበሩ ወጥቶ ይንሳፈፋል።

ሽማግሌው የልጃቸውን እጅ ፈልገው ያዙ።

"ዘቢዬ፣ በሚቀጥለውም ዋሽተሽ ጥሪኝ" አሏት። "እመጣለሁ።"