«ትሂድ» የተባለችው መኪና

ሰፈሩ የሚያውቃት ቱታ በሚል ቅጽል ስም ነው። ከሰማያዊ የሥራ ቱታዋ ውጪ ለብሳ ያያት ሰው ስለሌለ፣ የወጣላት ስም ልብሷ ላይ ተሰፍቶ ቀረ። አባቷን ደግሞ ባለጆሮው ይሉታል። ጋራዡ የአባትየው ነው፤ ሥራው የሁለቱ። በቆርቆሮው በር ሲገባ በስተቀኝ የመሣሪያ ጠረጴዛ አለ፣ በስተግራ መካኒክ የሚገባበት ጉድጓድ፣ ከጉድጓዱ በላይ ደግሞ በሰው እጅ ያረጀች አንዲት የስፖርት መኪና አትጠፋም።

ያገለገለ የስፖርት መኪና የሚገዛ ሰው ምን ዓይነት እንደሆነ ልንገራችሁ። ቀለም አይቶ ልቡ የጠፋ ሰው ነው። ወንበሩን ይዳስሳል፣ መሪውን ያሽከረክራል፣ ጭስ ማውጫው ሲያጓራ ጥርሱ አይከደንም። የሞተሩ ሆድ ውስጥ ምን እንዳለ ግን አይጠይቅም። እዚያ ውስጥ ያለው ብሮንዚን ነው፤ ቢየላ የሚባለው የፒስተኑ ክንድና ክራንክ የሚባለው ዘንግ ብረት ለብረት እንዳይፋጩ መሐላቸው የሚገባ ስስ ቅርፊት። የቀድሞው ባለቤት ሞተሩን ሳያሞቅ ሲጋልበው፣ ዘይቱንም ዛሬ ነገ እያለ ሳይቀይር ሲቀር፣ ይህ ቅርፊት ቀስ በቀስ ይበላል። አዲሱ ገዢ ያንን ሁሉ ኃጢአት ከነቀለሙ ይረከባል። ብሮንዚኑ ማንኳኳት ሲጀምር ደግሞ ነገር አልቋል።

ቱታ ለዚህ ነበር ደንበኛ በመጣ ቁጥር «ሳይጮህ እንቀይረው» እያለች የምትለምነው። መልሱ ምንጊዜም አንድ ነው፤ «ደህና የሚሠራ ሞተር ምን አስፈታኝ?» እሷም ትከሻዋን ነቅንቃ ወደ ሥራዋ ትመለሳለች። ሰው በገዛ መኪናው ቢጨክን ምን ታድርግ?

ለእንዲህ ዓይነቱ ግትር የቀረው ዋስትና የአባቷ ጆሮ ነበር። የጋራዡ ደንብ ነው፤ ባለጆሮው ሳያዳምጣት የምትወጣ መኪና የለችም። የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ሞተሩ ላይ ያስደግፋል፣ እጀታውን ጆሮው ሥር ይተክላል፣ ሞተሩ ከፍ ዝቅ ሲል ቀና ብሎ ልጁን ያያታል። ከዚያ ወይ «ትሂድ» ይላል ወይ «ትቅር»። ልጅቱ የሚያያት እያስተማራት፣ «ሰማሽው?» እያላት ይመስላት ነበር። አባቷ ቤት ውስጥ ግን ስልክ ቢጮህ አይሰማም። እናቷ «እኔ ስጠራው ድንጋይ ነው፣ ሞተር ሲያስነጥስ ግን ምን እንዳመመው ያውቃል» እያለች ታበሽቀዋለች። ቱታም ትስቃለች። ጋራዥ ውስጥ ተሳስቶ አያውቅማ።

ባለጆሮው ሥራ ሊያቆም ነው። ጋራዡን ለማን እንደሚተው የጠየቀው ሁሉ «ጆሮ ላለው» የሚል መልስ ያገኛል። መለዋወጫ የሚነግደው የአጎቷ ልጅ ቦታውን ለመጋዘን ይፈልገዋል፤ ቱታ ደግሞ ከዚያ ጉድጓድ ሌላ ዓለም የላትም። ከልጅነቷ ጀምሮ የለፋችው አባቷ አንድ ቀን «ያንቺ ነው» እንዲላት ነበር።

አንድ ጥርስ ሐኪም ቀይ የስፖርት መኪናውን ይዞ የመጣው በዚህ ሰሞን ነው፤ ዘይት ለማስቀየር። ወሬ የሚወድ፣ ከወሬውም በላይ ራሱን የሚወድ፣ ግን ክፉ ያልሆነ ሰው። ቱታ አሮጌውን የዘይት ማጣሪያ ፊልትሮ ቆርጣ ስትዘረጋው በወረቀቱ እጥፋቶች መሐል ብልጭልጭ የብረት ብናኝ አየች። ብሮንዚኑ እየተበላ ነው። ልትናገር ቀና ስትል ሰውየው አባቷን አንድ ነገር ሲጠይቀው፣ አባቷም ያልተጠየቀውን ሲመልስለት ሰማች። ጥርስ ሐኪሙ አብሮት ወደመጣው ጓደኛው ዞረና፣

«ባለጆሮው የሚባሉት እኚህ ናቸው? እኔን ያልሰሙ ሞተሩን ሊሰሙ?» አለ። ተሳሳቁ።

ቱታ ደሟ ፈላ። የተቆረጠውን ፊልትሮ በጨርቅ ጠቅልላ ከጠረጴዛው ሥር ደበቀችው። ይህን ራሱ ባለጆሮው ይንገረው፣ ሳቁን ይዋጠው አለች በልቧ። ሞተሩ ሲነሳ ከታች፣ በር በስሱ እንደሚያንኳኳ ሰው ያለ ድምፅ ይመጣ ነበር፤ ለይታ ሰማችው። ልጅቱ ጠቆመችው እንዳይባል ግን ፊቷ ላይ ምንም እንዳይነበብ አደረገች።

አባቷ ካቻቢቴውን ተክሎ ቀና አለና አያት። ፈገግ አለችለት።

«ትሂድ» አለ።

ክው አለች። «አባዬ፣ ተሳስተሃል» ማለት በዚያ ሰው ፊት አባቷን ራቁቱን ማቆም መሰላት። ማታ እደውላለሁ፣ ያላጠበቅነው ብሎን አለ ብዬ አስመልሰዋለሁ ብላ ራሷን አታለለች። ማታ ስትደውል ስልኩ ዝግ ነው። ሰውየው ለካ ከጋራዡ በቀጥታ ከከተማ ወጥቶ፣ መንገዱ ገላጣ ሲሆንለት ነዳጁን እስከ ወለሉ ረግጦታል።

መኪናዋ በማግስቱ ተጎትታ መጣች። ቢየላው ተበጥሶ የሞተሩን ጎን ቀዶ ወጥቷል። ጥርስ ሐኪሙን አንድም ነገር አልነካውም፤ ፊቱ ግን ተኮማትሮ ያ ሳቂ ሰው አይመስልም ነበር። መኪናዋ ድንገት ቀጥ ስትል ከኋላው የጭነት መኪና ይመጣ እንደነበር ተናገረ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። «አባባ፣ እኔ እኮ አምኜዎት ነበር» ብቻ ብሎ ወጣ። ቢሳደብ በስንት ጣዕሙ።

አባትና ልጅ ሞተሩን ያለ ወሬ ፈቱት። ብሮንዚኑ ጠቁሮ፣ ከቦታው ዞሮ፣ ክራንኩ ላይ ተጣብቋል። ባለጆሮው ስባሪውን መዳፉ ላይ አገላበጠና ቀና ብሎ አያት።

«እውነቱን ንገሪኝ። አንቺ ሰምተሽ ነበር?»

ሰምቻለሁ ብትለው ሽማግሌው ብቻውን ሊያፍር ነው። አልሰማሁም ካለች ግን ሞተሩ ድምፅ ሳያሰማ ሞተ ይባላል፤ እፍረቱ ለሁለት ይከፈላል።

«አልሰማሁም አባዬ» አለችው።

ቅልል ይለዋል ብላ ስትጠብቅ ፊቱ ጠቆረ። ስባሪውን አስቀምጦ እጁን ሊታጠብ ሄደ።

ብዙም ሳይቆይ የአጎቷ ልጅ ሜትር ይዞ መጥቶ ግድግዳውን ሲለካ አገኘችው። እስኪሄድ ጠብቃ አባቷ ፊት ቆመች።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ቁጭ በይ፣ የኔ እናት» አላት፣ እሱም የተገለበጠ ጎማ ላይ እየተቀመጠ። «ጆሮዬ ከሄደ ቆየ። የካቻቢቴው ንዝረት እጄ ላይ ይሰማኛል እንጂ ድምፁን አልሰማም። የማየው ያንቺን ፊት ነበር። ሞተሩ ሲታመም ግንባርሽ ይቋጠራል። እሱን አይቼ ነው ትቅር የምለው። ልጄ እስካለች ጋራዡ ጆሮ አላጣም ብዬ ዝም አልኩ። ያንቺ ነው ልልሽም ቀን እየጠበቅኩ ነበር።»

ቱታ እጇን ወደ ግንባሯ ሰደደች።

«አሁን ግን አንቺም አልሰማሽም» አለ። «አልፈርድብሽም፣ ጆሮ በልፋት አይመጣም። ሰው ግን እኛን አምኖ ነፍሱን ይዞ መንገድ ይወጣል። ያ ሰውዬ ለትንሽ ነው የተረፈው። ይብቃን። ለአጎትሽ ልጅ ቃል ሰጥቻለሁ።»

ጉልበቱን ተደግፎ ተነሳና በሩን ሊዘጋ ሄደ። ልጅቱ ከኋላው ቆማ «ሰምቼ ነበር» አለች። እንደገናም አለች፤ «አባዬ፣ ሰምቼው ነበር።» ቆርቆሮው እየተንኳኳ ተዘጋ። አባቷ አልዞረም።

ፊት ለፊቱ መቆም ነበረባት። ከንፈሯን እያየ ሁሉንም ይረዳት ነበር፤ ጋራዡም ይመለስላት ነበር። ግን ጆሮው ከከዳው በኋላ በዓለም ላይ የሚያምነው አንድ የቀረ ነገር የእሷ ፊት ነበር። ያም እንደዋሸው እንዴት ብላ ትንገረው? ባለችበት ቆማ ቀረች።

ባለጆሮው በሩን ሸጉሮ ሲዞር እንባዋን አየ። ጋራዡን ያጣችው ልጁ የምታለቅሰው ጆሮ ስላልተሰጣት መሰለው።

«አይዞሽ» አላት፣ ዘይት የጠገበ እጁን ራሷ ላይ ጭኖ። «ስንቱ ሰው ሳይሰማ ይኖራል።»

«እሺ አባዬ» አለችው።