ድንጋዩ የየትኛዋ መሠረት ነው?

ዛሬ ጠዋት ሰልፍ ላይ የሚኒ ሚዲያው ድምፅ ማጉያ ተንጫጫና «አርብ የሚነበበው ጽሑፍ የመሠረት ነው!» አለ። ጽሑፌ ተመረጠ! እኔ ግን ከመደሰቴ በፊት ወደ ኋላ ዞርኩ። የቷ መሠረት ትሆን ብዬ። ከኋላዬ የቆመ ሰው አልነበረም።

ልማድ ሆኖብኝ ነው። ልጅ ሳለሁ ከሞክሼዬ ጋር አንድ ዴስክ ላይ ነበር የምንቀመጠው። አስተማሪያችን ግራ ሲገባቸው እሷን መሠረት ሀ፣ እኔን መሠረት ለ አሉን። እርስ በርሳችን ግን የገዛ ስማችንን መጥራት ስለሚያስቀን «ላጌ» ነበር የምንባባለው፤ በወላይትኛ ጓደኛ ማለት ነው።

ሬዲዮ ላይ የምንሰማቸውን ታዋቂ መሠረቶች እንከፋፈላቸው ነበር። ሯጯ ለእሷ ደረሰች፤ ማን ይቀድማታል! ዘፋኟ ለእኔ። ሦስተኛዋ ግን ግራ አጋባችን። «በአረካ የመሠረት ድንጋይ ተቀመጠ» ይላል ሬዲዮው። ትንሽ ቆይቶ ደግሞ በሻንቶ። በየከተማው ድንጋይ ያላት ይቺ ሴትዮ ማን ናት?

አባቴን ብጠይቀው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። «ልጄ፣ ቤት ከመሠራቱ በፊት የሚቀመጥ ድንጋይ ነው እንጂ ሰው አይደለም።»

ለላጌ ስነግራት «አባትሽ ሴትዮዋን ስላላዩዋት ነው» አለችኝ።

ማንን ልመን?

ከትምህርት ቤታችን ጀርባም አንድ ነበረ፤ ለቤተ መጻሕፍት ተቀምጦ ሣር የዋጠው። ከክላስ ስንወጣ ፀሐይ ያሞቀው ድንጋይ ላይ ቁጭ ብለን፣ ላጌ በኮባ ቅጠል ጠቅልላ ያመጣችውን ስኳር ድንች እንካፈላለን። የዝናብ ሽታ ከዳሞታ ተራራ ይወርዳል።

«ጠጋ በይ እንጂ! ይሄ የሀ ወገን ነው» ብላ ትገፋኛለች።

«ቆይ፣ ሴትዮዋ መጥታ ሁለታችንንም ታስነሳን የለ!»

ከዚያ ቤተሰቧ ወደ ሁምቦ ሄደ። ስልክ አልነበራትም። በማግሥቱ ስም ሲጠራ አስተማሪያችን «መሠረት ሀ» ብለው ጠሩና ስሟን ሰረዙ። ቀጥለው «መሠረት ለ» ሲሉ፣ ባዶውን የዴስኩን ግማሽ እያየሁ አቤት አልኩ። አሁን መሠረት ብቻ ነኝ። እኮ ሀ ከሌለች ለ ከየት ይጀመራል?

የተመረጠው ጽሑፌ ስለዚያ ድንጋይ ነው። እሷ ሳትሰማው ቢነበብ ምን ዋጋ አለው? ስለዚህ አርብ ሁላችሁም ኑልኝ፤ መሠረት የምትባሉ ደግሞ ከፊት ቁሙ። ሁምቦ ያላችሁም፣ የሚቀድማት የሌለ አንዲት መሠረት ካያችሁ ንገሩልኝ። ላጌሽ ዛሬም ድንጋዩ ላይ የምትቀመጠው በግማሹ ብቻ ነው በሏት።