የጋሼ ታደሰ ስም የጠፋበት ካርድ

ዛሬ ኮምፒውተር እንድፈትሽ የተጠራሁበት ክሊኒክ ስገባ ጋሼ ታደሰ ካርዳቸውን በመስኮቱ ወርውረው «ስሜን ምን አድርገሽው ነው?» ይላሉ። በስማቸው ቦታ የጥያቄ ምልክት ብቻ ተደርድሯል።

ካርድ የምታወጣው ጎረቤታቸው ሎኮ ናት። በቁቤ፣ በኦሮምኛው የላቲን ፊደል፣ የጻፈቻቸው ስሞች በሙሉ ይነበባሉ፤ በአማርኛ ከጻፈቻቸው አንድም የተረፈ የለም።

«ሆን ብለሽ ነው» አሏት። (ጋሼ እዚሁ ነጌሌ ተወልደው ኦሮምኛ ከእኔ በላይ የሚችሉ ሰው ናቸው።)

«ዋቃ ያውቃል ጋሼ፣ እንደነገሩኝ ነው የጻፍኩት» አለች።

ኮዱን ከፈትኩት። ፕሮግራሙ ስሞቹ ከሚቀመጡበት ዳታቤዝ ጋር ሲገናኝ የሁሉንም ቋንቋ ፊደል በሚይዘው በዩቲኤፍ-8 እንዲነጋገር የምታዝዝ አንዲት መስመር ጎድላለች። ስለዚህ ላቲኑ ያልፋል፣ የእኛ ፊደል ጥያቄ ምልክት ሆኖ ይቀመጣል።

ፕሮግራሙን ለሠራው ባለሙያ ደወልኩ። «አውቃለሁ፤ ሁሉንም በላቲን ጻፉ በላቸው» አለኝ።

እያወቀ አስረክቦ፣ ብሩን ተቀብሎ ሄደ።

መስመሯን ጨመርኩ። ከአሁን በኋላ የሚመዘገብ ሰው ስሙ ይነበባል፤ የጠፋው ግን አይመለስም፣ ዳታቤዙ ውስጥ ያለውም ያው ምልክቱ ነው።

ለጋሼ ይህን ሁሉ አስረዳኋቸው። «ማሽን የእኔን ፊደል ብቻ መርጦ ይጠላል?» አሉኝ። ሌላ ጊዜ ሎኮን «ናጋ» ብለው ሳይሰናበቷት አይወጡም ነበር። ዛሬ ሳይሰናበቷት ወጡ።

እሱን የሚያስተካክል መስመር የለኝም።

እናንተ ጋስ ሲስተም ያጣላው ጎረቤት አለ? ጻፉልኝ፣ ብቻዬን አልናደድ።