ለመንጋጋዬ የቀረበ አቤቱታ

በጣሊያን ጊዜ፣ መቱ ከተማ የነበረ አንድ ጣሊያናዊ የጦር ሐኪም የተቦረቦረ መንጋጋዬን በነጭ ሙሌት ደፈነልኝ። በአስተርጓሚው በኩልም፣ «ሙሌቱ ምግብ እንዳይገባበት ይከላከልልሃል። ጠርዙ ጠቁሮ ካየህ ግን ከሥሩ እንደገና እየተበላ ሊሆን ይችላልና ቶሎ ና» አለኝ። የኋላ ጥርሴን በምን እንደማየው እሱ ይወቅ!

ሰፈር ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል፤ ጣሊያን የምናወራውን መስሚያ መሣሪያ አፌ ውስጥ ቀብሯል ተብሏል። ወዳጆቼ ሁሉ ሲያዩኝ ጸጥ ይሉ ጀመር። ደስ ያላቸው ጎረቤቴ እትዬ ዘሀራ ብቻ ናቸው። ወታደሮች በቅሏቸውን ወስደውባቸው አቤት የሚሉበት አጥተው ነበር።

«አፋን ባኒ!» ይሉኛል በኦሮምኛ በየጠዋቱ፣ አፌን እስክከፍት አገጬን ይዘው። ከዚያ አንገታቸውን አስግገው፣ «ጌታዬ፣ ቡላ በቅሎ ናት፤ ግንባሯ ላይ ነጭ አለባት...» እያሉ ለጥርሴ ያመለክታሉ። እምቢ ብል «በበቅሎዬ ላይ ከነሱ ጋር መክረሃል» ሊሉኝ ነው።

አንድ ቀን አቤቱታቸውን አቋርጠው አፌ ውስጥ አፈጠጡ።

«ምነው፣ ዙሪያውን ጠቁሯል?»

ወደ ሐኪሙ ሮጥኩ። አሮጌውን ሙሌት አወጣና ከሥሩ መበላት የጀመረውን ጠርጎ በአዲስ ደፈነው። «ሳያምህ እንዴት አወቅህ?» ብሎ ቢያስጠይቀኝ ምን ልበል? አመስግኜ ወጣሁ።

እትዬ ዘሀራ ደጄ ላይ ቆመው ጠበቁኝ።

«አወጣው?»

«አዎ፣ በአዲስ ተካው።»

አገጬን ያዙ።

«እንግዲያው ይሄኛው ምንም አልሰማም። ክፈት፣ ከመጀመሪያው ልንገረው።»